ታላቅ ወንድሙን ያሸነፈበት ጨዋታ

«ለቀህልኝ ነው አይደል?»

ታላቅየው የሥራ ሸሚዙን መቆለፉን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ እያናገርኩህ ነው... ለቀህልኝ ነው ወይ?»

«አዎ፣ ለቅቄልህ ነው። አሁን ደስ አለህ? አሳልፈኝ፣ ሥራ ረፍዶብኛል።»

ታናሽየው ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ታናሽየው ልብስ ሰፊ ነው። ታላቅየው የከተማ አውቶብስ ሹፌር። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገው እሱ ነው፣ ቼዝም ያስለመደው እሱ ነው።

ማስለመድ እንኳ አይባልም... ሲቀጠቅጠው ነው የኖረው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም።

ማሸነፉ ባልከፋ... «ጩጬ፣ ንግሥትህን ቀብረህ ና» እያለ በታናሽየው ሚስት ፊት ሳይቀር ይቀልድበታል።

ስለዚህ ለጨዋታ በተቀመጡ ቁጥር ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፎ ይቀርጻል። አንድ ቀን ቢያሸንፍ ማን ያምነዋል?

እና አንድ እሁድ አሸነፈ።

ደስታውን ተዉት... ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ቪዲዮውን ሳያይ ሱሪው አይሰጠውም። ሰፈሩ እስኪሰለቸው ድረስ አሳየ።

ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ... «እስቲ እንዴት እንዳሸነፍኩት ላጥናው» አለ።

ቪዲዮውን እያየ ጨዋታውን አንድ በአንድ ቼዝ የሚመረምር የስልክ ፕሮግራም ላይ አስገባው። ፕሮግራሙ ተጫዋቹ ያመለጠውን ነገር በአረንጓዴ ቀስት ያሳያል።

ቀስት መጣ... ወንድሙ የእሱን ንግሥት በነፃ መብላት ይችል ነበር። አልበላም።

ሌላ ቀስት... ፈረሱን በነፃ። አልበላም።

ሌላ... ጨዋታውን እዚያው መጨረስ ሲችል ወታደር ገፋ።

ደሙ ፈላ። በዕድሜው አንዴ ያገኛት ድል ምጽዋት ሆና አረፈችው። ተነስቶ ወንድሙ ቤት ሄደ... ወንድሙም ያንን «አዎ፣ ለቅቄልህ ነው» አለው።

አኮረፈ።

ወንድሙ ሲደውል አያነሳም። መርፌ ይሰብራል፣ ሚስቱ ላይ ይነጫነጫል፣ የሰው ኮት አበላሽቶ ይሰፋል። ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ እነዚያን ቀስቶች እያየ ሲብሰለሰል ሚስቱ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ቼዝ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ቀስቱ ሁሉ ለምንድን ነው በአንድ ወገን የሆነው?»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ...» ብሎ ጀመረና ቀስቶቹን ደግሞ አያቸው።

እውነቷን ነው። ያመለጠው ሁሉ በወንድሙ በግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል እንደ ድሮው ያለ ምሕረት ሲቀጠቅጠው ነበር።

ሊለቅልህ የፈለገ ሰው በግራ ብቻ ይለቅልሃል እንዴ?

በማግስቱ ቼዙን ይዞ ሄደ። «ይብቃን፣ እንታረቅ» አለው። ወንድሙ ደስ ብሎት ጠጠሮቹን ደረደረ።

ጨዋታው እንደሞቀ ታናሽየው ቀስ ብሎ እጁን ሰደደና በወንድሙ በግራ ጥግ የቆመውን ግንብ አነሳው። የወንድሙን የራሱን ግንብ።

ወንድሙ ፈረሱን አንቀሳቅሶ «ተጫወት እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?» አለ።

ታናሽየው ግንቡን ሰሌዳው መሀል ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ... ይሄ የማን ነው?»

ወንድሙ ግንቡን አየ። ከዚያ አንገቱን ጠምዝዞ ባዶውን ጥግ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«በግራህ ማየት ያቆምከው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ታናሽየው።

«ቆየብኝ።»

«እና እንደዚህ ሆነህ ሰው ጭነህ ትነዳለህ?»

«አንገቴን አዙሬ አያለሁ... እስካሁን ምን ሆነ? ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ነው። አንተ ብቻ ዝም በለኝ... ወንድሜ አይደለህ?»

አያችሁ?

አልለቀቀለትም። አላየም ነበር። ዓይኑን ለመደበቅ ሲል ነው ውሸታም ለጋስ የሆነው።

የሚያበሳጨው ደግሞ ይሄ ነው... ማስረጃው ታናሽየው ኪስ ውስጥ ነበር። እሱ ስለ ክብሩ ሲያኮርፍ ያ አውቶብስ በየቀኑ መንገድ ላይ ነበር። በግራ በኩል ሕፃን ይሻገራል፣ አሮጊት ትሻገራለች... እሱ ግን «ለምን ለቀቀልኝ» ይላል።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ለመነው። እምቢ። ለአለቃህ ንገር አለው። እምቢ። እግሩ ላይ ወደቀ... እምቢ።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ሄዶ ለአውቶብሶቹ ስምሪት ኃላፊ ተናገረ።

ወንድሙ ከመሪው ተነሳ። በግድ ተመረመረ። ሐኪሟ የግራ ዓይኑ እንደጠፋ፣ የቀኙም እይታ ከዳር ከዳር መጥበብ እንደጀመረ ነገረችው። በጊዜ ስለተደረሰበት ግን ቀኙ በመድኃኒት ይተርፋል።

አመሰገነው? የለም።

አንዴ ብቻ ደወለለት።

«በቼዝ ቢያቅትህ በእንጀራዬ መጣህ» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ወገኖቼ... የምታውቁት ሰው የማይሳሳተውን ስህተት ሲሳሳት ከመናደዳችሁ በፊት «ደህና ነህ ወይ?» በሉት። ደግሞም የወንድም ኩርፊያ ከሰው ነፍስ ይቀልላል... እያቃጠለም ቢሆን።

«ዋው» ብላችሁ እንዳታልፉ፣ የምሬን ነው የምጠይቃችሁ...

ያሳደጋችሁ ወንድም «ዝም በለኝ» ብሎ ቢለምናችሁ... እናንተ ትናገሩበት ነበር?