በወንፊት የተነፋ አፈር

ኤቢሴ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተች። ሁለተኛውን አሸተተች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ ልውጥ አለ፤ አባቷ ኦቦ ጉደታም ምስጋናው መጣ ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አባዬ፣ ይሄ የኔ አፈር አይደለም።»

«አይደለማ!» አሉ በኩራት። «ያንቺማ ይሸት ነበር።»

ከንጋት ጀምሮ ሲለፉ ነው ያረፈዱት። ልጃቸው ትናንት ከድሮው የፀረ ተባይ መጋዘን ጀርባ ቆፍራ ያመጣችውን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አፈር አጥር ጥግ ደፉት። ብልቃጦቹን በሳሙና አጠቡ። ከዚያ ከሽንኩርት ማሳቸው መሃል ጥቁሩን ለስላሳ አፈር ዘገኑና በእናቷ የዱቄት ወንፊት ነፍተው ሞሉላት። ዓለም ጤና ከተማ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ሽንኩርት የሸጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ከጆንያው አፍ ላይ የሚቀመጠው ተመርጦ ነው። ፈረንጅ አገር ድረስ ለሚሄድ አፈርማ!

ኤቢሴ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

«አባዬ፣ ስዊድን ያለው ፕሮፌሰር የሚፈልገው መርዝ ያለበትን አፈር ነው። ዘመን ቢያልፍ ከመሬቱም ከውኃውም የማይለቅ መርዝ። እሱን እንዴት እንደምናጠፋ ነው አራት ዓመት የምማረው፤ ዶክትሬቴ እሱ ነው። መርዝ የሌለበት አፈር ከላክሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። አፈሩን የሚወስድልኝ ሰው ደግሞ ዛሬ ማታ ከቦሌ ይበራል!»

ኦቦ ጉደታ ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ልጁን ሩቅ አገር የሚልክ ሰው ዳቦ ቆሎ ያስይዛል፤ የሰፈሩን ቆሻሻ በብልቃጥ አሽጎ የላከ አባት ሰምተው አያውቁም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው ሲሉ በሆዳቸው ተቀየሟት።

«ረጋ በይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።»

«ያፈሰስከውማ አንተ ነህ! የደፋኸው የት አለ?»

«እንዳይሸት ሁለት ባልዲ ውኃ ለቀቅሁበት፤ ከአጥሩ ጭቃ ጋር ተቀላቅሏል።»

መጋዘኑ ጋ ተመልሶ መቆፈርም አይቻልም። የግቢውን ቁልፍ የያዘው ዘበኛ መቂ ለቅሶ ሄዷል።

«ደግሞስ» አሉ ኦቦ ጉደታ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «የዓለም ጤና አፈር መርዝ አለበት ተብሎ ከተጻፈ፣ ሽንኩርቴን ማን ይገዛኛል?»

ኤቢሴ ስልኳን አውጥታ ወደ ቦሌ የሚወስዳት የሚኒባስ ሾፌር ባጫ ጋ ደወለች። «ባጫ፣ አትጠብቀኝ፤ ቀርቷል» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ሰውዬው ትንሽ ቆሙ፣ ተቁነጠነጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ዶማቸውን አንስተው ከቤቱ ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ አልፈው አንድ ራሰ በራ መሬት ላይ ደረሱና «ነይ እዚህ!» ብለው ተጣሩ።

«መጋዘኑ ሲዘጋ አንድ በርሜል ፀረ ተባይ በነፃ አገኘሁ። ሎተሪ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። ሲያፈስብኝ ጊዜ እዚሁ ቀበርኩት። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሣር አልበቀለበትም። ለእናትሽም አልነገርኳት።»

ኤቢሴ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሰጠቻቸው። ሦስት ጊዜ እንደቆፈሩ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ወጣ። የመጋዘኑ አፈር ከዚህ ጋር ሲወዳደር ሽቶ ነበር። ልጅቷ እያለቀሰችም እየሳቀችም ስልኳን አነሳች፤ «ባጫ፣ በናትህ ጠብቀኝ!»

ኦቦ ጉደታ ያላጠቡት አንድ ትርፍ ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘ። ሞላችው፣ ከደነችው፣ ወረቀት ለጠፈችበት። ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች።

«የባለ መሬቱን ስም ጻፉ ይላል» አለች ቀስ ብላ። «ከፈለግህ የቀበሌውን ብቻ እጽፋለሁ።»

ኦቦ ጉደታ ከወዲያ ያለውን ሽንኩርታቸውን አዩት። ለመነቀል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጉደታ ምልኬሳ ብለሽ ጻፊ። የአባቴን ስም እንዳትረሺ፤ እዚህ ጉደታ የሚባል ሦስት ሰው አለ። የሰው ሽንኩርት ሳይሸጥ እንዳናስቀር።»

እስክትጽፍ ድረስ ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘውላት ቆሙ።