የአቶ ገብሩ አሜሪካዊ

በ2009 አቶ ገብሩ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር ባለው ቤታቸው አረፉ። ልጃቸውን ለተስላሴን ከሐዘኑ ሌላ አንድ ነገር አስጨነቃት። በቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አልነበራቸውም።

በቤተ ክርስቲያኑ የሟቾችን ታሪክ የሚጽፈውም የሚያነበውም አቤ ነው። መጥቶ ሶፋው ላይ ተደላደለ።

«ቶሎ በይ፣ ቴርሚን አለኝ፤ ከቀጠሮዬ እንዳልዘገይ። ምን ሠሩ?»

«አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ስለ ራሱ አይናገርም።»

«ሻንጣ ጭነው ሞቱ ብዬ ላንብብ? ለሸዋረጋ አባት ሁለት ገጽ ነው ያነበብኩት።»

ለተስላሴ አቀረቀረች። «ስለ አንድ አሜሪካዊ ግን ያወራ ነበር።»

አቤ ሳቀ። የአቶ ገብሩን አሜሪካዊ ያልሰማ ሐበሻ ፍራንክፈርት ውስጥ የለም፤ እስከ መጨረሻው ያዳመጠም የለም። ገና ሲጀምሩ ሰው ሰሃኑን ይዞ ይነሳ ነበር።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት።

«የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት የኖረ ጠበቃ ነው። ድሃ ተወልዶ በኩራዝ ሕግ አጠና። በበቅሎ እየዞረ ለገበሬ ተሟገተ። ለፓርላማ ሲወዳደር ባለጸጋው ተቀናቃኙ ሰንጋ አርዶ ሕዝቡን አበላ። ሕዝቡም ሥጋውን በልቶ ጠበቃውን መረጠ።»

«አሜሪካ ውስጥ በቅሎ? ሽማግሌው ፊልም አብዝተዋል። ስሙ ማነው?»

«ስንጠይቀው ‹ስሙ ምን ያደርግላችኋል› ይላል።»

«ይሻላል። አሜሪካ የሚለውን አገር ቤት አደርገዋለሁ።»

«ሰው ቢነቃብንስ?»

«ማን ያዳምጣል? ሁሉም የሚያስበው ንፍሮውን ነው።»

አባቷ እንደ ሻንጣ ዝም ተብሎ እንዳይቀበር ስትል እሺ አለች።

በቀብሩ ቀን አቤ በወፍራም ድምፁ አነበበ። ኩራዙ ላይ ሲደርስ ሴቶቹ አለቀሱ። በቁማቸው የሸሿቸው ሰዎች «ትልቅ ሰው ነበሩ» ተባባሉ።

አንድ ሽማግሌ ግን አላለቀሱም። አቶ ዓንደሚካኤል ይባላሉ፤ በቅርቡ ከአገር ቤት መጥተው ጋሉስ ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ያረፉ ናቸው። ሰንጋው ሲነበብ በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

ሰው ሲበተን ወደ እሷ መጡ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም። «ይቅር ይበሉኝ አባባ። ታሪኩ የአባቴ አይደለም፤ የአንድ አሜሪካዊ ነው።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰንጋውን ያረድኩት እኮ እኔ ነኝ።»