ከድልድዩ ስር የተገኘው ጃኬት

ባፈናን ሆሳዕና ውስጥ የሚወደው ሰው አልነበረም። ደላላ ነው፤ የሰው ልጅ እየሰበሰበ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልክ። ልጁ የደረሰለት ቤተሰብ ፎቅ ይሠራል፣ ያልደረሰለት ያለቅሳል። እሱ ሁለቱንም እኩል ሰላም እያለ በሞተሩ ያልፋል። አይ ድፍረት!

የሞርሲቶዋ ትርፊት ካልደረሰላቸው አንዷ ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዋን አሳደገች። ትልቁ፣ አጵሎስ፣ ባፈና ልኮት በሄደበት የታሸገ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ ሞተ። የት አገር እንደተቀበረ እንኳ የሚያውቅ የለም። ትርፊት ድንኳን ጥላ፣ ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀምጣ አለቀሰችለት። ባፈናም ለቅሶ ደርሶ ነበር፤ ያውም ከፊት ተቀምጦ። ከሰሰችው። ማስረጃ የለም ብለው መለሷት።

ዘንድሮ ደግሞ ታናሹ ማራኪ ጠፋ።

ወደ አዲሎ በሚወስደው መንገድ ካለ ድልድይ ስር ጃኬቱ ተገኘ፤ ደም ደርቆበታል። አስከሬኑን ወንዙ ወስዶታል ተባለ። ፖሊስ ባፈናን ሲጠይቀው «ልጁን ዓይኑንም አላየሁት» አለ። ሁለት ነጋዴዎች ማራኪን በሞተሩ አፈናጥጦት ሲሄድ አየን ሲሉ ጊዜ ግን ቃሉን ለወጠ። «እሺ፣ አዲሎ አድርሼ መኪና ላይ አሳፈርኩት። አሁን ደቡብ አፍሪካ ነው» አለ። ማን ይመነው? ልጁ የወንድሙን ደም ሊጠይቅ ሲል ባፈና ቀድሞ ገደለው፤ ዐቃቤ ሕጉም ያለው ይህንኑ ነው።

ጠበቃ የሚቆምለት ስለጠፋ መንግሥት ኃይለመለኮትን አቆመለት። ኃይለመለኮት ከቆመላቸው ተከሳሾች ግማሹን በመልክ አያውቃቸውም፤ ጠረጴዛው በመዝገብ ተቀብሯል። ባፈናንም መጀመሪያ ያገኘው ምስክር በሚሰማበት ቀን፣ ከችሎቱ በረንዳ ላይ ነው።

«የበሬ ስርቆቱ አንተ ነህ?»

«ኧረ የግድያው ነኝ፣ ጌታዬ!»

«ታዲያ ቀደም ብለህ አትናገርም?» አለ፣ ጥፋቱ የባፈና ይመስል።

ባፈና በካቴና በታሰረ እጁ ቁራጭ ወረቀት ዘረጋለት። «ማራኪ በሕይወት አለ። በእግዚአብሔር ይመኑኝ! የወንድሙ ነገር ስላለ እኔ እምቢ ብዬው ነበር። እየተመላለሰ ለምኖኝ ነው የላክሁት። ጆሃንስበርግ የሚቀበላቸው ሰው ስልክ ይኸው፤ ይደውሉለት።»

ኃይለመለኮት አንዴ ደወለ። አይነሳም። ሌላ ተከሳሽ እጅጌውን ሲጎትተው ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ጃኬቱ ላይ ያለው ደም ይመርመር ብሎ ማመልከት እንዳለበት ትዝ ብሎት ነበር። ግን ደግሞ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ምልልስ። «ለዚህ ደላላ ብዬ ነው?» አለ በሆዱ።

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ማለች። ጃኬቱን ሲያሳዩዋት ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«የልጄ ነው። ቁልፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ባፈና ዞረች። «ይህ ሰውዬ ልጄን በልቶብኛል።»

ሴቶቹ ይንሰቀሰቁ ጀመር። ዐቃቤ ሕጉ እንኳ አንገቱን ደፋ።

«ተከላካይ ጠበቃ፣ መስቀለኛ ጥያቄ?» አሉ ዳኛው።

ኃይለመለኮት ምንም አላዘጋጀም። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብሎ ጠዋት በረንዳው ላይ ሴቶች ሲያወሩት የሰማውን ጠየቀ።

«ወይዘሮ ትርፊት፣ ማራኪ ሞቷል ካሉ ለቅሶ ለምን አልተቀመጡም?»

ችሎቱ አጉረመረመ። «ኧረ ይኼ ሰው አያፍርም!» አለች አንዷ ከኋላ።

ትርፊት ቀና ብላ አየችው። «አስከሬኑን ሳላገኝ? ምን ይዤ ልቀመጥ?»

ባፈና ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ብድግ አለ። «ጌታዬ! ጌታዬ፣ አንዴ ይስሙኝ...»

«ተቀመጥ!» አለው ኃይለመለኮት። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

በቀጠሮው ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እሰይ ያለው ብዙ ነው። ባፈና «አልገደልኩም! በሕይወት አለ!» እያለ ሲጮህ ፖሊሶቹ እየገፉ አወጡት፤ ጩኸቱን የሰማው ሁሉ «ይበልህ!» አለ። ኃይለመለኮት የበሬ ስርቆቱን መዝገብ ገልጦ ማንበብ ጀምሯል።

ትርፊትን ጎረቤቶቿ ደግፈው ሞርሲቶ አደረሷት። አብረዋት ሊያመሹ ፈልገው ነበር።

«ተባረኩ፤ ብቻዬን ልጸልይበት» አለቻቸው።

በሩን ዘጋች። የአጵሎስን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ በነጠላዋ ወለወለችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስልኳ ጠራ።

«እማዬ፣» አለ ማራኪ፣ «ስንት ፈረዱበት?»