የእሜቴ ምሳ

«ኧረ ቅመሽው ቢያንስ!» አለቻት። እሜቴ ሳህኑን አንዴ አሸተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሜቴ ድመት ናት፤ አርጅታ ጥርሷ ሁሉ ያለቀ። ሳህኑን ይዛ የተንበረከከችው ደግሞ ጥርስ ሰሪዋ ናት፣ አንድ ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ለሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ። ድመቷ የእናቷ ነበረች። እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ሆነ፤ እሜቴም ከዚያ ወዲህ መብላት ቀነሰች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጭራሽ አቆመች።

«እኔን ብትጋብዢኝ ኖሮ እስካሁን ሳህኑን ልሼልሽ ነበር» አለ ወንድሟ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ለምሳ ብቅ ብሎ የእናታቸው ወንበር ላይ ተዘርፍጧል። «ለመሆኑ ስንት ዓይነት ሞከርሽ?»

«የታሸገውን ሞከርኩ። አንዷ ቆርቆሮ የሳምንት አስቤዛ ብር ትበላለች፣ እሜቴ ግን ረግጣት ሄደች። ርካሹን ደረቁን በውሃ አራስኩላት፣ አስመለሳት። ሐኪሙ ‹ምን አከሰረሽ፣ ዶሮ ቀቅይላት፣ ትንሽ ጉበት ጣል አድርጊበት፣ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ› አለኝ። ይኸው ቀቀልኩ። ፈጨሁ። ከዚህ በላይ ምን ልሁንላት?»

«ሌላም ነገር ብሏል» አለ ወንድሟ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብሏል። ድመት እንዲህ ቀናት ሙሉ ካልበላች ጉበቷ ይሞታል፤ ዛሬም እምቢ ካለች ከምትሠቃይ አሥር ሰዓት ላይ አምጧት፣ በመርፌ ትገላገል። ወንድሟ እሜቴን የሚወስድበትን ካርቶን በሩ ጋ አስቀምጦታል። ጥርስ ሰሪዋ ወደዚያ ላለማየት አንገቷ ደርቋል። ከእናቷ የቀራት ነፍስ ያለው ነገር ይቺው ናት።

«እማዬ እኮ አኝካ ነበር የምትሰጣት» አለ ወንድሟ ድንገት።

«ምን?»

«አታውቂም እንዴ? ሥጋውን አኘክ አኘክ ታደርግና በጣቷ ታጎርሳታለች። ‹ለእህትህ እንዳትነግር፣ ጥርሱን ለድመት አልሠራሁልሽም ብላ ትቆጣኛለች› ትለኝ ነበር።»

ያንን የእናቷን ሰው ሠራሽ ጥርስ በገዛ እጇ ነው የሠራችው። ከፊት አንዱን ሆን ብላ ጠመም አድርጋ ነው የተከለችው፣ እናቷ «ድሮ እንደነበረው አድርጊልኝ፣ የሌላ ሰው ፊት አታድርጊብኝ» ስላለቻት። በኋላ በቀኝ በኩል ድዷን እየላጠ ሲያስቸግራት እናቷ በግራ ብቻ ማኘክ ጀመረች። ጥርስ ሰሪዋም «ለአንድ ቀን ስጪኝ፣ ሞርጄ አመጣዋለሁ» ብላ ወሰደችው። በማግስቱ በመሐረብ ጠቅልላ ስትመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። በዚያ ግርግር ጥርስ ማን ያስታውሳል? እናቷ ያለ ጥርሷ ተቀበረች።

ጥርሱ አሁንም እናቷ ክፍል፣ ራስጌው ላይ፣ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ውሃ ካየ ሁለት ወሩ።

«እስቲ አንቺም አኝኪላት።»

አኘከች። ጨው የሌለው ዶሮ አፏ ውስጥ ጥጥ ሆነባት። በጣቷ አድርጋ አቀረበችላት። እሜቴ ጣቷን አሸተተች፣ ቀና ብላ ፊቷን አየች፣ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

«በቃ፣ ሰው ትመርጣለች!» ወንድሟ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። «አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እህት ዓለም። ስታለቅሺ እንዳላገኝሽ።»

ተስፋ ቆርጣ፣ ያልተፈጨ አንድ ትልቅ የዶሮ ቁራጭ እንዳለ ሳህኑ ላይ ጣለችና ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ወንድሟን እስከ ውጭው በር ሸኘችው። መኪናው አልነሳ ብሎ ትንሽ አስቆማት። ቤት ውስጥ ከድመቷ በቀር ማንም የለም።

ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለች።

ማኘክ ይሰማል። ድመት ስትልስ የሚሰማው አይደለም። አፉን ዘግቶ፣ ሳይቸኩል፣ ረጋ ብሎ የሚያኝክ ሰው ድምፅ ነው።

የወጥ ቤቱን በር ስትገፋው ድምፁ ቆመ።

ወንድሟ ወደ ኋላ ገፍቶት የሄደው ወንበር ወደ ጠረጴዛው ተጠግቷል። እሜቴ ከሥሩ ተቀምጣ ወደ ላይ እያየች አፏን ትልሳለች። እግሯ ሥር ልመው የደቀቁ ትንንሽ የዶሮ ጉርሻዎች ተደርድረዋል። ጎንበስ አለችና የመጨረሻዎቹን በላች። በላች!

ሳህኑ ላይ የቁራጩ ግማሽ ቀርቷል። ጥርስ ሰሪዋ አነሳችውና፣ የሥራ ልማድ ሆኖባት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። ተነክሷል። የፊት ጥርሶች ሰልፍ ሥጋው ላይ ታትሟል፣ አንዱ ጠመም ብሎ። ቀኝና ግራው እኩል ጠልቋል።

ልኩ ነው፣ አለች በሆዷ፣ ሳታስበው። ጥሩ አድርጌ ሞርጄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ የቆመው።

ወደ እናቷ ክፍል እንዴት እንደገባች አታውቅም። ጥርሱ ብርጭቆው ውስጥ ነው፣ ጠዋት አቧራ ስታራግፍ እንዳየችው። አወጣችው። ረጥቧል። መሃሉ ላይ ነጭ የዶሮ ክር ተሰክቷል። መዳፏ ላይ ለብ ይላል።

ከወጥ ቤት እሜቴ ጮኸች፣ ሁለት ወር ሙሉ ባልሰማችው ድምፅ፣ ጨምሪልኝ በሚል ድምፅ። የጮኸችው ወደ እሷ አይደለም።

ቁልፍ ያለው መሳቢያ በቀኟ ነው፣ ብርጭቆው በግራዋ። ጥርሱን ከቆለፈችበት እሜቴ ነገ የሚያኝክላት የለም፤ ካርቶኑ ደግሞ በሩ ጋ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ከመለሰችው፣ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ያ ወንበር ይጠጋል።

እናንተ ብትሆኑ የት ታስቀምጡት ነበር?