የተወጋው ድፎ

ዘነበ የቡና መመርመሪያውን ብረት ድፎ ዳቦው ላይ ሊሰካ ነው።

«ተው አንተ! የክርስትና ዳቦ ነው!» ትላለች ባለቤቴ ሙሉወርቅ ከኋላ ወንበር። ከዲላ እዚህ ድረስ ጭኗ ላይ አቅፋው ነው የመጣችው። ነገ ጠዋት ይርጋጨፌ የልጃችን የሉሊት ልጅ ክርስትና ይነሣል፤ ቄሱ ባርከው እስኪቆርሱት ድረስ ዳቦውን ሰው አይነካውም።

«እናቴ፣ ዝም ብለው ይክፈቱት» ይላል ዘነበ። የኬላው ጠባቂ ነው። የያዘው ብረት ጆንያ እየወጋ ፍሬ የሚያወጣበት ነው። «ቡና ጭኗል ተብሏል። ታርጋው ራሱ ተነግሮኛል እኮ።»

«ወደ ይርጋጨፌ ቡና ጭኖ የሚሄድ ምን ዓይነት ቂል ነው?» እላለሁ።

«ሞያሌስ በዚሁ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። የጠመኔ ስባሪ እንኳ ከትምህርት ቤት ይዤ ወጥቼ አላውቅም። አሁን ግን ከወናጎ አለፍ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ገመድ ተወጥሮብኝ፣ ከኋላዬ የቆመው ሚኒባስ ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ እያየኝ፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሆኛለሁ። ደሜ ፈልቷል።

ብረቱ ዳቦው ውስጥ ይገባል። ሙሉወርቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዘነበ ያወጣውን መዳፉ ላይ አራግፎ ያየዋል፤ ፍርፋሪና ጥቁር አዝሙድ ነው። ያፈረ ይመስላል፤ ገመዱን ግን አያወርድም።

«ሰውዬው እስኪመጣ እንዳትለቅ ተብያለሁ።»

«የቱ ሰውዬ?»

ሞተር ሳይክል እየጮኸ ሚኒባሱን ታክኮ ይደርሳል። አምሃ ነው፤ ጠዋት የዲኤክስ መኪናዬን መሪ የሠራልኝ መካኒክ። ቱታውን አላወለቀም። ሞተሩን በወጉ ሳያቆም ጥሎት ይሮጣል፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ የፊተኛው ጎማ ሥር ይገባል።

«አምሃ! ምን ሆነሃል?»

ቆይቶ ከመኪናው ሥር «ተመስገን» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

ሲወጣ መዳፉን ይዘረጋልኛል። ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ የታጠፈች ሽቦ ናት።

«የመሪውን ብሎን የያዘው ዳዶ እንዳይፈታ የምትቆልፈው ይቺ ናት፣ ጋሼ። ምሳ ልበላ እጄን ልታጠብ ስል ኪሴ ውስጥ አገኘኋት። ሳልከታት ነው የለቀቅኩዎት። ዳዶው ሊወልቅ ሁለት ጥርስ ነው የቀረው፤ ከወለቀ ደግሞ መሪው አይታዘዝም።»

ቁልቁለቱን አያለሁ። መንገዱ ሁለት ጊዜ ታጥፎ እንሰቱ መሀል ይጠፋል። ከእንሰቱ ማዶ ገደል እንዳለ አውቃለሁ። የመኪናውን በር እይዛለሁ።

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።»

መኪና ስነዳ ስልክ አላነሳም። ይህንንም ለተማሪውም ለጎረቤቱም ስሰብክ ነው የኖርኩት።

«አላነሣ ሲሉኝ እዚህ ኬላ ለማውቀው ለዘነበ ደወልኩ» ይላል አምሃ መሬት መሬቱን እያየ። «ቡና ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ። ብልሽት አለው ብዬው ቢሆን ኖሮ ‹ምን አገባኝ፣ ትራፊክ ጥራ› ይለኝ ነበር። ቡና ሲባል ግን ገመዱ ይወጠራል።»

«ዋሸኸኝ?» ይላል ዘነበ። «እኔ ደግሞ የክርስትና ዳቦ ወጋሁ!»

የሰበሰብኩት ስድብ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ሽቦዋን የረሳት እሱ ነው፤ ጥፋቱ ጥፋት ነው። ጠዋት ግን «ቶሎ በል፣ ይረፍድብናል» እያልኩ ከአናቱ ላይ ያልወረድኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ ሌላ ሰው ቢሆን ሽቦዋን ወርውሮ ምሳውን ይበላ አልነበር? ማን ያውቅበታል? ይህ ልጅ ግን ጥፋቱን በመዳፉ ይዞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየበረረ መጣልኝ። እግዜር ይስጠው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ዝም በል» እለዋለሁ። ራሱን ስቤ ግንባሩን እስመዋለሁ።

ዳዶውን አጥብቆ፣ ሽቦዋን ከትቶ፣ ጫፎቿን ይቆለምማል። ጎንበስ ብዬ በዓይኔ እንዳይ ያስገድደኛል።

ቀና ስል ሙሉወርቅ ከመኪናው ወርዳለች። ዳቦውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ጨርቁን ገልጣዋለች። ብረቱ የገባበትን ቀዳዳ በጣቷ ትዳስሳለች።

«ኧረ ሙሉ! ቄሱ ምን ይሉናል?»

«ምን ይሉኛል? ያደረሰንን ቀድሜ አጎረስኩ እላቸዋለሁ።»

ከቀዳዳው ጀምራ ትቆርሰዋለች። አምሃ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ፣ እስከ ክርኑ በግሪስ መጥቆሩን ሲያይ መልሶ ይሰበስበዋል። እሷ ግን ቁራሹን አፉ ድረስ ታደርስለታለች። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ዓይኑን በትከሻው እየጠረገ ያኝካል።

ሁለተኛውን ቁራሽ ይዛ ወደ ዘነበ ትዞራለች። በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው የገመዱን ጫፍ ይዟል። ግራ ቀኝ ያይና እንደ ልጅ አፉን ይከፍታል፤ ገመዱም ቀስ እያለ ይረግባል።