ያልተገዛ

«"አንተ የቆሰበር ሊቅ፣ ነፃ ማለት ሙፍት ማለት ነው።" ይኼኛው ደግሞ፦ "የበተነ ሰው ሌላው ሲለቅም አያለቅስም።"» የቆሰበር ከተማ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሹም ዓባይነህ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። «"ገባን፣ ገባን። ነገሩ ስለ ሶፍትዌር ብቻ አይደለም።" እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆመው፣ መምህር።»

ከፌስቡክ የታተመው ወረቀት አርባ ገጽ ይሆናል። የጽሑፉ ባለቤት፣ የቀድሞ ተማሪዬ ይሄነው፣ ከግድግዳው ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ከነውስጥ ኮዱ ለሕዝብ ለቅቆት ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ወሰደው፤ ውስጡን ቆልፎ ለትምህርት ቤቶች መሸጥ ጀመረ። ይሄነውም «ነፃ ያልሆነውን እንቢ እንበል» ብሎ ጻፈ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲሟገት ከረመ። በመካከሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ።

እኔን ያስጠራኝ ከሁለት መቶው አስተያየት አንዱ የእኔ መሆኑ ነው፦ «ነጻ በጸሎቱ ጸ ይጻፍ፤ ነጽሐ ካለው ግሥ ይወጣልና።»

«ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም» አለ ዓባይነህ። «ነገር ግን ለተሐድሶ ሥልጠና ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ። ቃሉ ፖለቲካ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው አንድ መስመር ከጻፈልኝ፣ እሱም ከሥሩ ከፈረመ፣ እሰርዘዋለሁ። ነፃ ማለት ምን ማለት ነው? ይጻፉልኝ።»

ሥልጠናው ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ወደዚያ የሚወስደው መኪና ከደጅ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ከጉሙ ውስጥ መብራቱ ብቻ ይታያል።

«ያለ ዋጋ» ብዬ ብጽፍ በበቃ ነበር። ነገር ግን ጎዶሎ ፍቺ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጎዶሎ ፍቺ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። እስክሪብቶውን ይዤ አሰብሁ። ሲመጣልኝም ደስ አለኝ፤ ያንን ደስታ ለራሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም። «ነጻ ማለት ያልተገዛ ማለት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሹሙ በገንዘብ ያልተገዛ ብሎ ያነብበዋል፤ ይሄነው ለማንም ያልተገዛ ብሎ ያነብበዋል፤ እኔም አልዋሸሁም።

ዓባይነህ አነበበ፤ ፊቱ ተፈታ። «ያልተገዛ! እሰይ! ቀበቶዬ የተገዛ ነው፣ አየሩ ያልተገዛ ነው። ይህን ማን ያጣዋል? ና ይሄነው፣ ፈርምና ወደ እናትህ ሂድ።»

ይሄነው ተነሥቶ መጣ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። በዓይኔ ልጠቅሰው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«የትኛው ያልተገዛ ነው፣ መምህር?»

ይህን ጥያቄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአርጩሜ። ቃል ሁለት መንገድ ሲይዝ ሳትጠይቅ አትለፍ ብዬ።

«ሌላ ያልተገዛ ደግሞ አለ እንዴ?» አለ ዓባይነህ።

«ፈርም» አልሁት።

«በብር ከሆነ አልፈርምም። ሦስት ሳምንት የተከራከርሁት ዋጋ አይደለም ብዬ ነው። ቢሸጡትም ግድ የለኝም፤ መቆለፋቸው ነው።» ወደ ዓባይነህ ዞረ፤ እንደሚረዳው አምኖ ፊቱ በርቶ ነበር። «አባትዎ ገበሬ ናቸው አይደል? አንድ ሰው ሞፈር በስጦታ ሰጥቶዎት፣ ሲሰበር ግን ራስዎ እንዳይጠርቡት ቢከለክልዎ፣ ሞፈሩ የማን ነው? እርስዎስ የማን ነዎት?»

ዓባይነህ ማስታወሻ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«ከልካዩ ማን ነው?»

«ማንም ይሁን።»

«ማንም ይሁን» እያለ ዓባይነህ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ይንገሩኝ፣ መምህር። ይኼ የጻፉልኝ ቃል ስንት ፍቺ አለው?»

«አንድ» አልሁ።

ይሄነው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቀላሉን ጥያቄ የሳተ ጎበዝ ተማሪ እንደሚታይ፣ እንደዚያ አየኝ።

«እሱ ሁለት ነው ባይ ነው» አለ ዓባይነህ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ድካም ነበር። «የዋሁ ፍቺ በባለሙያ ተጽፎ ቢቀርብለት በገዛ አፉ እንቢ አለ። አሁን እኔ ምን ላድርግ?»

ይሄነው እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ ከጠረጴዛው አኖረ። ለእኔ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ጠባቂ ክንዱን ሲይዘው ገና አልተቃናም ነበር። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ወረቀቴን ይመልሱልኝ» አልሁ።

«አይሆንም፣ መምህር። ከመዝገቡ ገብቷል። ማስረጃ ነው።»

ማኅተሙን ከቀለሙ ነክሮ በጽሕፈቴ ላይ አሳረፈው። ሐምራዊው ክብ «ነጻ» የሚለውን ቃል ዙሪያውን ከበበው፤ ቃሉ ከመካከሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ዓባይነህ ቶሎ እንዲደርቅ ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት።