የመቋሚያው ሌላ ጫፍ

«የሠርጉን ማታ ግን አላነበብሽልኝም» ይላሉ መምሬ ገብረ ኪዳን፣ የአስመራው አውቶቡስ ደባርቅ ደርሶ ጥሩንባውን እየነፋ ሳለ።

እኔ ልቤ አውቶቡሱ ላይ ነው። በጨርቅ የጠቀለልኩትን መጽሐፌን ብብቴ ሥር ይዤ እቁነጠነጣለሁ። ሾፌሩ አስመራ ላለው ማተሚያ ቤት ሊያደርስልኝ ቃል ገብቷል። በዚህ መኪና ካልሄደ ተራዬን ለሌላ እንደሚሰጡት አስጠንቅቀውኛል።

«አንብቤልዎታለሁ እንጂ መምሬ!»

«ዓለምዬ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬስ አለ። ሲቆርቡ አነበብሽልኝ። ያርጋል ወደ ዛሪማ ሲሸሽ አነበብሽልኝ። መሐሉን ዋጥ አደረግሽው።»

ታዲያ ምን ላድርግ! መምሬ የባሌ የካሴ አባት ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሳቸው የመቋሚያቸውን ራስ ይዘው፣ እኔ ጫፉን ይዤ እመራቸዋለሁ። ዛሬም መጽሐፌን መርቀው ሊሸኙልኝ ብለው እንዲሁ ይዣቸው መጥቻለሁ። ምራት ለአማቷ እንዲህ ያለ ነገር ታነባለች? ምድር አትውጠኝም?

ታሪኩ ግን የእሳቸው ነው። የመጽሐፌ ያርጋልና ሸጊቱ የመምሬ አያቶች ናቸው። በድሮ የጦርነት ዘመን በቁርባን ተጋብተው፣ በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ያርጋል ከወታደር ሸሽቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ወረደ። መምሬ ይህን ሲያወጉኝ አንድ ቃል አስገብተውኛል፤ እሳቸው ያልሰሙት አንድም ገጽ ከደባርቅ አይወጣም።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። «እትዬ! ሊማሊሞን ጉም ሳይውጠው ልውረድ እንጂ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

«አንብቢ» ይላሉ መምሬ፣ መንገድ ዳር ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተደላድለው።

ጨርቁን እፈታለሁ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ነፋሱ ቃሉን ቢወስድልኝ እየተመኘሁ እጀምራለሁ። ያርጋል የሸጊቱን ሹሩባ ይፈታል። ቅቤው መዳፉ ላይ ይቀልጣል። አንገቷ ሥር ይስማታል፤ እሷም ኩራዙን እፍ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ዳዊት ደጋሚ አጣድፌ እጨርሰዋለሁ።

ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ በዚያ ብርድ!

«ኩራዝ ያኔ አልነበረም» ይላሉ በመጨረሻ። «ጧፍ በይው።»

እፎይ! ይኸው ብቻ ከሆነ! እርሳሴን አውጥቼ ኩራዙን እሰርዛለሁ፤ ጨርቁን ጠቅልዬ ለመሮጥ እነሳለሁ።

«ደግሞም አልነካትም።»

«እንዴት አልነካትም?»

«ጧት ቆርበዋላ! የቆረበ ሰው ያን ዕለት ከሚስቱ ጋር አይተኛም። ይህን አንቺ አታውቂውም?»

አውቀዋለሁ። እኔና ካሴም በቁርባን ነው የተጋባነው። ሕጉን አውቄ ነው የዘለልኩት፤ መያዜ ደግሞ ያናድደኛል።

«መምሬ፣ ሰውየው እኮ ሲነጋ ሊሸሽ ነው! ይመለስ አይመለስ አይታወቅም! አንባቢ ያን ሁሉ ገጽ የሚገፋው ይህችን ማታ ብሎ ነው። ጸሎት አድርገው ተኙ ብዬ ልጻፍለት? ያዛጋል እኮ! ወርውሮት ይሄዳል!»

«ያዛጋል?» ይላሉ። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያሻሹታል። «እኔና ወለተ ሥላሴ…»

እደነግጣለሁ። የሟች ባለቤታቸውን ስም ከተቀበሩ ወዲህ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

«የቆረብን ዕለት ማታ አንዲት መደብ ነበረችን። ይህን መቋሚያ መሐላችን አጋደምኩት። ራሱን እኔ ያዝኩ። ‹እኔስ ምን ልያዝ?› አለችኝ። ጫፉን ያዢ አልኳት።»

ጥሩንባው ይጮኻል። መምሬ አይሰሙትም።

«እንቅልፍ የሚባል የለም። ትንፋሿን እሰማለሁ። እጇ ሲንቀጠቀጥ በእንጨቱ ይመጣብኛል፤ የእኔም ይሄድባታል። አንድ ቃል ሳንናገር ዶሮ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አብረን ኖርን፣ ስንት ልጅ ወለድን። እንደዚያች ሌሊት ያለ ግን…» ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «ያዛጋል አልሽ?»

ፊቴ ይግላል። ገጼን ገልጬ አየዋለሁ። ሹሩባው አለ፣ ቅቤው አለ፣ መሳሙ አለ። ሰዎቹ ግን የሉበትም። በአንዲት እንጨት ቀናሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቅናት አንጀቴን በላኝ።

«እትዬ! ትሰጪኛለሽ ወይስ ልሂድ?»

አውቶቡሱን አያለሁ፤ መጽሐፌን አያለሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርሰኝ እግዜር ይወቅ። «ሂድ!» እላለሁ። «ሂድ፣ አልደረሰም!»

«ኋላ እኔን እንዳታሚኝ!» ይልና ሞተሩን ያስጓራል። አውቶቡሱ ወደ ሊማሊሞ ታጥፎ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ልቤ አብሮት ይወርዳል። አሁን ሮጬ ብደርስበትስ?

«ሄደ?»

«ሄደ፣ መምሬ።»

«አስቀረሁብሽ።»

«እርስዎ አይደሉም።» መጽሐፌን በጨርቁ መልሼ እጠቀልላለሁ።

«በይ ምሪኝ፤ ብርዱ ገባኝ» ይሉና ይነሳሉ። እንደ ሁልጊዜው የመቋሚያውን ራስ ጨብጠው ጫፉን ይዘረጉልኛል።

እኔም እንደ ሁልጊዜው ላፍ አድርጌ ልይዘው እጄን እሰነዝርና አየር ላይ ይቀርብኛል። ይህን ጫፍ በየቀኑ ስጎትተው ኖሬያለሁ።

ቀስ ብዬ እይዘዋለሁ።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

መምሬ አይራመዱም። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ በእንጨቱ ይመጣብኛል።